ምርመራ

ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከአበጋዝ ወፍጮ ቤት፣
አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ ሚዛኑ ጥግ ከተቀመጥሁበት።
መዝገቡ አምስት ዓምድ ነው፤ ስም፣ እህል፣ ኪሎ፣ ብር፣
አምስተኛው "ምርመራ" የሚል፣ ሁልጊዜ ባዶ የሚቀር።
ማንም አልነገረኝ ምን እንደሚመረመር።

ሰው ይመጣል፣ ይጠራል፣ እጽፋለሁ እንደ ልማዴ፦
ፈንታው ሽበሺ፣ ጤፍ፣ ሃያ። ትሁን አራጌ፣ ስንዴ።
ድንጋዩ ያጓራል፤ ቃል አይሰማም፤ በጣት ነው የምናወራው፣
ዱቄቱ ቅንድቤ ላይ፣ መስመሩ ላይ ያርፋል፤ እፍ እያልሁ ነው የማጠራው።

በሚያዝያ፣ አንድ ማለዳ፣ ሐዋ ይማም መጣች፣
ከነጠላዋ ቋጠሮ ሦስት ኪሎ ማሽላ አወጣች።
ደጋሊት ነው፤ ፍሬው የተለቀመ፣ ነቀዝ ያልነካው፣ በአመድ የተለወሰ፣
ለመሬት ታስቦ የከረመ፣ ወደ ድንጋይ የተመለሰ።
ምንም አላለችም። ምንም አልጠየቅኋት።
ኪሎውን ጻፍሁ። ብሩን ጻፍሁ። ከዚያ እጄ ሳላዘው ወደ ቀኝ ሄዶ ያችን ባዶ ዓምድ ነካት፤
"ዘሯን አስፈጨች።"
ሁለት ቃል ብቻ ናት።

የዚያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ነፋሱ ከወደ እስጢፋኖስ ሲመጣ፣
አፌ ውስጥ አንዳች ነገር ነበረ፤ እንደ ጥንቅሽ፣ ቢመጠጥ የማያልቅ፣ ጣዕሙ ከጥርስ የማይወጣ።
እህቴ "ምን አገኘሽ?" አለች፤ "ደመወዝ ጨመረልሽ?"
ሁለት ቃል ጻፍሁ ብላት፣ "አብሽሪ" ባለችኝ ነበር፣ "አላህ ያቅልልሽ።"

ከዚያ ወዲያ አላቆምሁም።
የትሁን ስንዴ፦ "ለልጇ ስንቅ፤ ልጁ ግን አልሄደም።"
የፈንታው ጤፍ፦ "ለማኅበር። ብር ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም።"
የአንድ ሽማግሌ ገብስ፦ "ለበሶ። የቀረው አንድ ጥርስ ነው፤ እሱንም አያምነውም።"
የማላውቀው ሰው፦ "ስሙን ከመንገሩ በፊት ቆም ብሎ አሰበ።"

አንዳንዴ መብራት ይጠፋል። ድንጋዩ እያቃሰተ ይቆማል፣
ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዳብሳል፤ የብዕሬ ጭረት ያኔ ይሰማል።
"ወፍጮው ቆሞ አንቺ ምን ትፈጫለሽ?" አለች አንዷ፣ ተሳቀ።
"የእኔውን" አልሁ።

ሰኔ ሠላሳ፣ አበጋዝ ሒሳብ ሊዘጋ መጣ፣ መነጽሩን በክር አስሮ፤
ጣቱ በኪሎው ወረደ፣ በብሩ ተሻገረ፣ ምርመራው ላይ ቀረ ተቀርቅሮ።
ሐዋ ላይ ቆየ። ፈንታው ላይ ፈገግ ያለ መሰለኝ።
ከራሱ ስም ሲደርስ ("ሲመሽ ወለሉን ጠርጎ ለጎረቤት ዱቄት ላከ፤ ማንም እንዳያይ") "ወየው" አልሁ፣ "አባረረኝ!"
ጉሮሮውን ጠረገ። "አሥራ ሁለት ኪሎ ጎድሏል" አለ፤ "ድምርሽ ልክ አይደለም።"
እውነቱን ነው። የሚያዝያው ቀን ነው። ከሐዋ ቀጥሎ የተመዘነው ሰው ከመዝገቡ የለም።
ከደመወዜ ቆረጠው። ቆጥሬ ስሰጠው እጄን አልከበደኝ፤
ከዚያ በርካሽ የተገዛ ደስታ ትዝ አላለኝ።

ሐዋም ሰማች፤ ወሬ በሐይቅ አያድርም። "ምን ብለሽ ጻፍሽኝ?"
አነበብሁላት። ዝም አለች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። "ጎረቤት ዘር አበደረችኝ፤
እሱንም ጻፊልኝ።"

መጽሐፍ አይሆንም ይህ፤ አውቃለሁ። መዝገቡ ሲሞላ ዕቃ ቤት ይገባል፣
አይጥም፣ ዱቄት ስላለበት፣ ከሁሉ አስቀድሞ እሱን ይበላል።
ብቻ፣ ድሮ ሰው ሲገባ የማየው ጆንያውን ነበር፤
አሁን ቋጠሮውን አያለሁ፤ ማን እንዳሰረው፣ እንዴት ቸኩሎ፣ በስንት ዙር።

ጳጉሜን አምስት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ወረፋው በር ላይ ተቀምጦ ሲያወጋ፣
ጫማዬን አውልቄ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ፤ ብረቱ ቀዘቀዘኝ፤ መርፌው ተንቀጥቅጦ ረጋ።
ስም፦ ዘምዘም ኑርዬ። እህል፦ ያልተፈጨ።
ኪሎ፦ ሃምሳ ሁለት። (የዱቄቱን ልቀንስ ብዬ ተውሁት፤ እሱም ከእኔ ጋር አረጀ።)
ብር፦ ሰረዝ።
ምርመራው ላይ ብዕሬን ደግፌ ቆየሁ። ብዙ መጣ፤ ሁሉም ረዘመ፤ ዓምዷ ጠበበች።
ሳልጀምር መብራቱ መጣ። ድንጋዩ አጓራ። "ተረኛ!" አለ ሰው። ወረድሁ። ዓምዷ ክፍት አደረች።

"ስም?" አልሁ፣ ቀና ብዬ።