ያለ ፍሪሲዮን

አዘዞን ሳናልፍ፣ ጀንበር ስትዘቀዝቅ፣
ፍሪሲዮኑን ብረግጥ
ወለል ላይ ተኝቶ ቀረ፤ በእጄ ብጎትተውም አይነቃነቅ።
ከእግሬ ስር የምታልፍ፣ አንዲት ቀጭን ሽቦ፣
አባባን ስንት ዓመት ታዛ የኖረች፣
ለእኔ አንድ ዓመት ሳትሞላ "ጧ!" ብላ ተበጠሰች።

ቮልሷ የጋራ ናት፤ የእኔና የእንየው።
ሊብሬው ላይ ግን ዛሬም፣ የአባባ ስም ነው የሚታየው።
ከተዝካሩ ማግሥት አንስቶ ስምንት ወር ሞልቶናል፤
ነገር ቢኖረንም በሰው ተላልከናል።
ዛሬም ከማክሰኝት ችሎት ቀጠሮ ተቀብለን፣
ባለ ሁለት በር መኪና ውስጥ፣ እሱ ከኋላ ወንበር ነው፤
እኔ እንደ ታክሲ ነጂ፣ እሱ ሒሳብ ከፍሎ እንደሚወርድ ሰው።

ሙላው መካኒኩ ዘንድ ደወልኩ። "ሽቦ የለኝም ዛሬ።
ጎታች መኪና እንዳትጠራ፣ ያስከፍልሃል አንድ በሬ።
ሞተሩ ከተነሳ ምን ጎደለህ? ጆሮ ብቻ አትንፈገው፤
ሲመቸው ማርሹ ራሱ ይገባል፣ ካልመቸው አትታገለው።
መሸት ይበል፤ መንገዱ ይራቆት።
ብቻ አትቁም። ከቆምክ፣ ያው ቆምክ ማለት።"

ጠበቅን። የሽንብራ እሸት ገዛሁ ከመንገድ ዳር ልጅ፤
ግማሹን የኋላ ወንበር ላይ አኖርኩ፣ ሳላይ የማንንም እጅ።
ቆይቶ፣ ሲፈለፍል ሰማሁት።

ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ባጃጁም ሳሳሳ፤
በዜሮ ማርሽ ላይ ሞተሯ ተነሳ።
እንየው ወርዶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ከኋላ ቆሟል፤
ከሞተሯ ጉርምርምታ በላይ ትንፋሹ ይሰማል።
"ልግፋ?" አለኝ።
ስምንት ወር መንገድ የፈጀች አንዲት ቃል።
"ግፋ!"

ገፋ። ጫማው ጠጠር ላይ ሲንሸራተት፣ ቮልሷ ስታቃስት፣
እኔ ማርሹን በሁለት ጣት እየዳበስኩ፣ ሳላስገድድ፣ ሳልጎትት፣
ጥርስ ከጥርስ አጉረመረመ፤
ከዚያ፣ ቸክ። ገባ።
"ዝለል!" ብዬ ጮህኩ፤ ሮጠ፤
ወደ ኋላ የሚያሾልክ ጊዜ የለም፣ ከጎኔ ተቀመጠ።

የቀረው የጆሮ ሥራ ነው።
ነዳጁን ላላ፣ ማርሹን ሳብ፣ ድምፁ እስኪወርድ ጠብቅ።
የእንየው ጆሮ ከእኔ ይሻላል፤
አባባ ከጎኑ አስቀምጦ ነው ያሳደገው፣ እኔ መጽሐፍ ሳጠብቅ።
"ገና... ገና... አሁን!" ይላል፤
ሁለተኛው ይገባል፣ ሦስተኛው ይከተላል።

ለካ ይህ የተበጠሰ ዕቃ የመላቀቂያ ነበር፤
ሞተርና ጎማ ለአፍታ ተለያይተው
ሌላ ማርሽ ይዘው የሚታረቁበት፣ አንዱ አንዱን ሳይሰብር።
እኛ ቤት ወይ መፋጨት ነው፣ ወይ ጭራሽ መቆም።
ይህን አሰብኩ እንጂ፣ ጮክ ብዬ አላልኩም።

ቀበሌ አሥራ ስምንት ላይ፣ ገበያ ያመሻቸው አህዮች መንገዱን ዘጉ፤
እንየው በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ፣
"በሥላሴ! መቆም አንችልም፣ ፍሪሲዮን የለንም!"
ሰውየው አልገባውም፤ አህዮቹ ግን ገብቷቸው ወደ ዳር ተጠጉ።
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ማርሹ አመለጠኝ፤ ደግሞ ፈለግነው።

ፒያሳ ስንደርስ፣ ትራፊኩ እጁን ዘረጋ፤
ቮልሷ መቆም አታውቅ፣ ዛሬ በምንም ዋጋ።
በአንደኛ፣ እንደ ሙሽራ መኪና፣ ዝግ ብለን ተጠጋን፤
የእንየውን የተጣመሩ እጆች አየ፣
ምን እንዳሰበ እንጃ፣ "እለፉ!" ብሎ ለቀቀን።

ከዚያ ቁልቁለቱ፣ ወደ ቀሃ።
አባባ እዚህ ሲደርስ ቤንዚን ሊቆጥብ ሞተር ያጠፋ ነበር፤
እኛ አልደፈርንም፤ ማርሹን ልጓም አድርገን ወረድን።

በራችን ላይ ቁልፉን አጠፋሁ፤ አንዴ ተንገጫግጫ ዝም አለች፤
ግማሿ ግቢ፣ ግማሿ ደጅ ቀረች።
እንየው ድንጋይ ፈልጎ ከጎማዋ ስር ሻጠ።
"የሽቦውን ግማሽ እችላለሁ" አለ፤ ሌላ አልጨመረም።
የጥሩ ቀጠሮ እንዳለ ነው፤ ስለሱ ማንም አልተናገረም።
ሞተሯ ስትበርድ፣ በጨለማው ውስጥ፣
ጭክ... ጭክ... ትል ነበር፤
ሁለታችንም ቆመን ሰማናት።