ድምፅ አከራዩ

መርሳ ከተማ ላይ ድምፅ አከራያለሁ፤
ሞንታርቦዬን ጭኜ ባጃጅ እነዳለሁ።
ለሠርግ፣ ለመርዶ፣ ለክትባት ጥሪ፣
ለጠፋች ጥጃ፣ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ እኔ ነኝ ተጣሪ።
ሰዓቱ ስድሳ ብር፣ ባትሪው በተከራይ፤
ዋጋው ተጽፏል ከመስታወቱ ላይ።

አቶ ሙሔ አራጌ፣ የምክር ቤታችን አፈ ጉባኤ፣
የዛሬ አምስት ዓመት ሳምንት ሙሉ ተከራይቶኝ ነበር፤
"ሒሳቡስ?" ብለው፣
"አብሽር፣ ከምርጫ በኋላ፤ ምን ያስቸግር!"
ከምርጫ በኋላ መጣ፣ ሄደ አምስት ክረምት፤
ሰላምታችን ሆነ የእጅ ምልክት።

ዘንድሮ በሰኔ፣ በአዲስ ጫማ መጣ፤
ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ዋጋው ገና ከሶሉ ላይ ያልወጣ።
"አፍ ያለ ድምፅ ምንድን ነው?" አለኝ እየሳቀ፤
የድሮውን ዕዳ ግን ከሳቁ ሥር ደበቀ።

ወጣን ከመናኸሪያ፣ በብርቱካን ሻጮች መሃል፤
"ውድ የመርሳ ሕዝብ! ሥራችን ይናገራል!"
(የሚናገረው እንኳ የኔ ባትሪ ነበር።)
"ውሃ ገብቷል!" አለ፤ ቧንቧው ሲያፏጭ ሰማሁ፤
"መብራት ገብቷል!" አለ፤ ሱቄ በሻማ ነው፣ ዝም አልሁ።
"ድልድዩም..." ሲል ሳለ፣ ሳል ያዘው መሰለኝ፤
"ድልድዩም በሂደት" ብሎ፣ "ንዳው" አለኝ።

ድልድይ።
ከወንዙ ማዶ ነው ሦስት መቶ አባወራ፤
የመሠረት ድንጋይ አለ፣ ሪባን የተቆረጠለት፣ ዙሪያውን ቁልቋል ያፈራ።
ልጆች ጎርፍ ሲያግዳቸው፣ ትምህርት ቤት ሲቀሩ፣
ድንጋዩ ላይ ነው ገበጣ የቆፈሩ።

ቀትር ላይ ከዋርካው ሥር ቆምን፤ ሙቀቱ በረታ፤
ማይኩን ጉልበቱ ላይ ጣለ፣ የጫማውን ክር ፈታ።
"ኧረ ወንድሜ፣ እግሬ ነደደ እኮ!"
ከማዶ ገደሉ መለሰለት፦ ነደደ እኮ... እኮ...
ጆሮዬ ሰማ። እጄ ማጥፊያው ላይ ደረሰ።
እጄ ሁለት ሺህ ብሩን አስታወሰ።
እጄ ተመለሰ።

"እውነቱን ልንገርህ፣ የድልድዩ ሲሚንቶ ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር፤
ለጽሕፈት ቤት አጥር አዞሩት፤ እኔም አጨበጨብሁ፤ ምን ልናገር?
ሚስቴ እንኳ 'አፈ ጉባኤ' ትለኛለች፣ 'አፍ የሌለው'፤
አምስት ዓመት እጅ አወጣሁ፣ ብብቴ ነው የሚታወቀው።
ብወድቅስ? ልብስ ሰፊ ነበርሁ እኮ፤ መኪናዬን ሸጥሁት፤
ሱሪ ማሳጠር እንኳ ሳልረሳው አልቀረሁት።"

ገበያው ዝም አለ። ሚዛን እንኳ ቆመ።
ወይዘሮ አንሻ ከወንዙ ማዶ፣ እጇን አፏ ላይ ደግና፣
"አንተ ሙሔ! ለየትኛው አጥር? ድገመው እንደገና!"

ማይኩን አየው። ቀይዋ መብራት በርታለች፤
እንደ ጎረቤት ዓይን አፍጣለች።
እኔን አየኝ። እኔ ጎማዬን አየሁ።

ይወረውረዋል ብዬ ስሸሽ፣ አነሳው።
በካልሲው ቆመ፤ አውራ ጣቱ በቀዳዳው ብቅ ብሎ፣
"ለጽሕፈት ቤቱ ነው። እጄንም አውጥቻለሁ" አለ፣ ቀስ ብሎ።
እልል ያለ የለም። የሰደበም የለም።
"በል ና፣ እግርህን ውሃው ውስጥ ክተተው" አለች አንሻ፤
ገባ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ መጨረሻ።

የምርጫው ለት ሰልፍ ላይ፣ በሸበጥ፣ ከኋላዬ ቆመ፤
የተጠቀለለ ብር መዳፌ ውስጥ አስቀመጠ፤
"ግማሹ ነው" አለኝ።
"የቀረውስ?"
"አብሽር፣ ከምርጫ በኋላ።"

ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ፣ ወረቀቴን አጠፍሁ፤
በዕድሜዬ ያለ ባትሪ ያሰማሁት ድምፅ እሱ ብቻ ነው።
ለማን እንደሰጠሁ?
ሰዓቱ ስድሳ ብር ነው፤
ለከፈለኝ፣ በሞንታርቦ አወራለሁ።