ገመድ ልቀቂለት

ለገሃር፣ ከአሮጌው ጣቢያ አጥር ሥር፣
ጋሽ ዘርጋው መኪና ያስቆማል በአሥር ብር።
"ወደ ግራ ስበረው! መልስ! በቃ፣ መልሕቅ ጣል!"
ባለ ታክሲው ስቆ "እሺ ካፒቴን" ይላል።

እኔ ካልሲ ሻጯ ጎረቤቱ ነኝ።
ነሐሴ ሲገባ ሸራዬ አስጨንቆኝ
አራቱን ጫፍ እንደ ከበሮ ወጥሬ፣
ከብረቱ አጥር ጋር ጥፍር አድርጌ አስሬ፣
መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤
"እንዲህ የታሰረ ስንቱ ሰመጠ፣ አለቀ!
ምጽዋ ወደብ ሳለን...
ጀልባ ስታስሪ፣ ልጄ፣ አታሳጥሪ፤
መጀመሪያ ጥልቀቱን በክንድ ቁጠሪ፤
አምስት ክንድ ከሆነ ሠላሳ አምስት ልቀቂ፤
ከታች ሰንሰለት ይተኛ፣ ከላይ አትጨነቂ።
ነፋሱ ሲዞር ጀልባዋም ትዙር አብራው፤
መልሕቅን የሚነቅል ክርር ማለት ነው።
ብቻ ክቧን ለኪ፣ ስትዞር እስከ የት ነው፤
በዚያ ክብ ውስጥ ያለ ጎረቤት ማን ነው?"

"ጋሼ፣ ለገሃር ነን፤ ባሕሩ የታለ?"
ሰማዩን አየና፣ "ይመጣል" እያለ
የሸራዬን ጫፍ ፈታ፣
ሁለት ክንድ ለቀቀ፣
ከከባድ ድንጋይ አሰረው፣ በእግሩ አጠበቀ።

ማታ መጣ፣ ከእንጦጦ ቁልቁል፣ በረዶ ቀላቅሎ፤
የወርቅያንሱን ጃንጥላ ወሰደው ነቅሎ።
የእኔ ሸራ ተነሣ፣ ተንሳፈፈ፣ ዞረ፤
ተመልሶ ተኛ፤ ካልሲው ደረቅ ቀረ።

ጠዋት ላመሰግነው ስሄድ፣ የእርሱ ላስቲክ ተቀዷል፤
እንደ ከበሮ ወጥሮት ችንካሩ ተነቅሏል።
"አንተስ፣ ጋሼ?" አልኩት።
ኮቱን ጨመቀና፣ ዝም አለ፤ ቆየና፣
"እኔማ" አለኝ፣ "የብስ ላይ ያለሁ መሰለኝና..."