ፊት መንሣት

ከአውቶ ፓርኮ ጀርባ፣ ጋሽ ደምለው ሱቅ ገብቼ፣
አርባ ሜትር መዳብ በዱቤ አምጥቼ፤
ከወፍጮ ሞተር ሆድ የተፈታ ሽቦ፣
ዱቄት ዱቄት የሚል፣ እንደ እባብ ተሰብስቦ።

ከተሰበረ አልጋ ሁለት ርብራብ ነቅዬ፣
አጣምሬ በሚስማር፣ በሲባጎ ሰቅዬ፣
ስጠመጥም ይርገዱ ዙሩን ትቆጥራለች፤
ስምንተኛው ላይ ስትደርስ አስነጠሰች።
እንደገና ከአንድ።

ከሞተው ፊሊፕስ ኮንደንሰር አውጥቼ፣
የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ላጭቼ
አጋባኋቸው።
ሬዲዮዋ አጠገባቸው ቆመች፣ እንደ ሚዜ።

ከፒያሳ እስከ ቀሃ መብራት ድርግም ሲል፣
ሰፈሩ ሲራገም፣ እኛ ‹ተመስገን› ስንል፣
ወፍጮው ዝም፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም፤
ፊቱን ለመተማ ሰጠሁት፦
እሱም ዝም።

ዱቤውን ሊጠይቅ መጥቶ ጋሽ ደምለው፣
‹ፊት ስትሰጠው ይኮራል፤
ፊት ንሣው!› አለ፣ ‹በጎኑ አዙረው።›

ሩብ ዙር። ከኦምዱርማን አንድ ሰው ሳለ፤
ከዚያ፣ ስለ ሰሊጥ ይመስለኛል፣ አንዳች አለ።

መብራት መጣ። ወፍጮው አጓራ። ሰውየው ጠፋ።
ሰፈሩ በእልልታ።
ይርገዱ ብቻ፣ ጆሮዋን ከርብራቡ አጣብቃ፣
‹ታሞ ይሆን?› ትላለች፣
ተጨንቃ።