ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ

ጉርዊንደር ሱቅ ገባሁ፣ በረዶውን ከጫማዬ አራግፌ፣
የስድስት ወር የሌሊት ፈረቃ ደሞዜን በጉያዬ አቅፌ።
«ዐሥር ዓመት የማያረጅ የጌም ኮምፒውተር ልገጣጥም» አልኩት። ሳቀ።
«እዚህ ቤት ዐሥር ዓመት የቆየ ይህ ወንበር ብቻ ነው» ሲል
ወንበሩም ከሥሩ ሲጢጥ ብሎ አብሮት ሳቀ።

ሸጠልኝ እንጂ። ነጋዴ ነው፤ አይፈረድበትም።
የዛሬው ጌም የማይጠይቀው፣ የነገው ይጠይቀው እንደሁ የማይታወቅ ግራፊክስ ካርድ፣
ሰፈር የሚያበራ ፓወር ሰፕላይ፤
ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት አራት የራም ማስገቢያዎች
ሁለቱን ባዶ ተውኳቸው፣
ገና ላልተወለደ እንግዳ እንደተነጠፈ አልጋ።

ዘርይሁን፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳው፣
ሰው ብር ሲያወጣ ካየ የራሱን ሆድ የሚበላው፣
በሳንድዊች መጠቅለያ ላይ ሒሳቡን ሠራልኝ፦
«ግማሹን ዛሬ ግዛ። ግማሹን አስቀምጥ።
በአራተኛው ዓመት መናኛው ዕቃ ያሁኑን ንጉሥ ይረግጠዋል፤ ያኔ ጨምር።
ነገ እኮ እህል አይደለም፣ ጎተራ አይገባም፤
አንተ በሩን ለነቀዝ ስትዘጋ፣ ነቀዙ ውስጥ ነው።
ሶኬቱን ይለውጡታል። ለነዚያ ባዶ ማስገቢያዎችህ የሚሆን ራም
ፈልገህም አታገኝም።»

እውነቱን ነው። ያኔም እውነቱን እንደሆነ ገብቶኛል።
ግን ቤቴ በወር፣ ስልኬ በወር፣ መኪናዬ በወር፣
የሥራ ውሌ እንኳ በሦስት ወር የሚታደስ ሰው ነኝ፤
አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣
ቀኑን ሳይቆጥርብኝ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቀኝ አማረኝ።

ኤድመንተን፣ ጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት።
ምድር ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ የውኃ ቧንቧውን ነካ አድርጌ፣
ትንፋሼን ውጬ ፕሮሰሰሩን አስቀመጥኩ።
ስምንት ዓመት የሞላት ሶልያና ቡሎኖቹን በኬክ መጋገሪያ ውስጥ ለየች፤
የኔ ጣት የማይደርስበት ጥግ ድረስ እጇን ሰድዳ ገመድ ሰካች።
አንድ ቡሎን ተረፈን።
የየት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አበራሁት። ቤቱ ሁሉ ጨለመ።
ብሬከሩ ወድቆ ኖሮ፣ አከራዬ ዳሪያ ባትሪ ይዛ ደረጃውን ወረደች፦
«ምን ሰካህ?»
ዝም አልኳት። ሳጥኑን አየችው።
«አባቴ ይህን ቤት ሲሠራ ያሰበው አንድ ማሞቂያ፣ አንድ ሬዲዮ ነበር።
እሱም ለዘለዓለም ብሎ ነው የሠራው» አለች፤
ብሬከሩን መለሰችና ወደ ላይ ወጣች።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነው። ዘርይሁን በአራት ብሎ ነበር፤ በሦስት ደረሰ፦
የተመካሁበት ካርድ ዛሬ ከመሃል ወረደ፣ ዋጋው ፈረሰ።
እኛ ደግሞ፣ አትሳቁብኝ፣ ማታ ማታ የምንጫወተው
ዳክዬ ጫጩቶቿን ወንዝ የምታሻግርበትን ያረጀ ጌም ነው፤
በተሰበረ ስልክም ይሠራል።
ማራገቢያዎቹ እንኳ አይዞሩም። ሳጥኑ አፍሮ ይሁን ተኝቶ፣ እንጃ።
ባዶዎቹን ማስገቢያዎች አቧራ ይዟቸዋል፤
እንግዳው መጣ ማለት ነው።

ያኔ፣ ካርዱን የገዛሁ ቀን፣ የበረዶ ጫማም ገዝቼላት ነበር፣
ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ፣ ለከርሞም ይሆናል ብዬ።
በሁለት ካልሲ፣ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቀን አከረምነው።
እግሯ ሞልቶት ልክ ሲሆን ሶሉ ተሰነጠቀ፤
ልኳ ሆኖ አንድ ሳምንት እንኳ አላየነውም።

ትናንት ጫማ ቤት ቆመን ሻጯ «ስንት ቁጥር?» አለች።
«ሦስት» አለች ሶልያና።
እኔ አፌን ከፈትኩ። ዘርይሁን ታወሰኝ፣ ወንበሩም፣ የዳሪያ አባትም።
«አራት ስጪን» አልኩ፤
«አራት ብቻ።»