ማክሰኞ ሐሙስ ሞተ

ስሙን ያወጣችው ልጄ ሚልካ ነበረች፤
"ማክሰኞ ነው ያገኘነው፣ ማክሰኞ ይባል" አለች።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እሁድም ቅዳሜም፣ "ማክሰኞ!" ስንለው
ጅራቱን እየቆላ ከተፍ የሚለው
ሐሙስ ማታ ሞተ።
ሲናገሩት ቀልድ ይመስላል፤
ሚልካም ሳቅ ጀምራ፣ ሳቋ መሃል ላይ ከዳት።

ሰው ሲሞት ወጉ ይታወቃል፤
እድር አለ፣ ጡሩምባ አለ፣
ድንኳን ተካዩ ችካሉን ይዞ ሳይጠሩት ይደርሳል።
እኔ ግን ደጃፌ ላይ ቆሜ
ቃሉ እንኳ ጠፋኝ።
ሬሳ እንዳልል፣ ሬሳ የሰው ነው፤
ጥንብ እንዳልል፣ ጥንብ የአሞራ ነው፤
በሁለቱ መካከል
ለማክሰኞ የሚሆን አንድ ቃል አላገኘሁም።

አከራያችን እትዬ ፈለቀች ከበረንዳ ሆነው
ባዶ ማዳበሪያ ወረወሩልኝ።
"በግቢዬማ አይሆንም!
ጠዋት የቆሻሻው ጋሪ ሲመጣ
ሃምሳ ብር ጨምርና አስይዘው።"
ጋሪው የት እንደሚደፋ አውቃለሁ፤
አባ ኮዳዎቹ፣ ኮታቸውን እንደ ደረቡ ጡረተኛ ዳኞች፣
ተሰልፈው የሚጠብቁበት ነው።

ዓሣ አጥማጁ ሐሜሶ፣ ደግ ሰው፣
"ድንጋይ አስረን ሐይቁ መሃል እናውርደው፣
ጀልባዬ በነፃ" አለኝ።
ማክሰኞ እኮ ውሃ ይፈራል፤
ባልዲ ሳነሳ አልጋ ስር የሚገባውን
አሁን አይናገርም ብዬ
ውሃ ላልብሰው?

የሚስቴ ወንድም ደግሞ፣ "ከአስፋልቱ ማዶ ጣለው፣
ጅብ እንደሆነ አያሳድረውም" አለ።
ዘጠኝ ዓመት ከበር ሆኖ የሰደባቸው ጅቦች!
እንዴት ደስ ይላቸው።

ባጃጄ ላይ ጭኜ ወደ አላሙራ ልውሰደው አልኩ፤
ግን በዚህ ሌሊት ትራፊክ ቢያስቆመኝ፣
በባትሪ ወደ ኋላ ወንበር እያበራ
"ይሄ ምንድነው?" ቢለኝ፣
ምን እላለሁ? ተሳፋሪ?

ሚልካ ይህን ሁሉ አልሰማችም።
የትምህርት ቤት ማስመሪያዋን አምጥታ
ከአፍንጫው እስከ ወገቡ፣ ከወገቡ እስከ ኋላው ለካችና
ደብተሯ ላይ ጻፈች፦
"ዘጠና ሁለት። ጅራት ሳይጨምር።"
ከዚያ ወደ ዘይቱኑ ዛፍ አየች።

ከዘይቱኑ ስር ጉድጓድ አለ።
ማክሰኞ ነው የቆፈረው፤
በመጋቢት ሙቀት ሆዱን እርጥብ አፈር ላይ ለማስተኛት።
እትዬ ፈለቀች በእግራቸው ይደፍኑታል፣
እሱ በነጋታው ይከፍተዋል።
"ይሄ ሟርተኛ! የማንን መቃብር ነው የሚምሰው?"
ይሉ ነበር።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ በተዋስኩት አካፋ፣
እንደ ሌባ ትንፋሼን ይዤ አሰፋሁት።
ጉልበቴ ጋ ሲደርስ አፈሩ አንጠባጠበ።
ሐዋሳ እንዲህ ናት፤ ትንሽ ከጫርካት
ሐይቁ ከስር "ማነው?" ይላል።
ፈሪ ነው ብዬ፣ እዚያው ላይ ቆምኩ።
ሚልካ ሣር አነጠፈችለት።

ያኔ የበረንዳው አምፖል በራ።
ለቆጣሪው ሲሉ ለእንግዳ እንኳ የማያበሩት አምፖል።
ደርቄ ቀረሁ።
ማንም አልወጣም። ማንም አልተናገረም።
መጋረጃው ብቻ ትንሽ ተነቃነቀ።
አፈሩን መልሼ ስጨርስ፣ አካፋውን ሳስቀምጥ፣
ጠፋ።

ጠዋት እትዬ ፈለቀች ከዘይቱኑ ስር ቆመው
እንደ ልማዳቸው አፈሩን በእግራቸው ጠቅ ጠቅ አደረጉ።
"ደህና ተደፍኗል" አሉ፣ ለዛፉ።
ማዳበሪያቸውን አጥፌ መለስኩላቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አቶቴ መታጠፊያው ጋ፣
እጄ በልማድ ጡሩምባውን ሁለቴ ነፋ።
መንገዱ ባዶ ነበር።
ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ
"ማንን ነው የምትጠራው?" አለኝ።
"ማክሰኞን።"
"ዛሬ እኮ" አለ፣ "ዓርብ ነው።"