በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር

ከድሬ ሁለት ቀን፣ አሥራ ዘጠኝ ልጆች፣
በጀርባችን ሻንጣ፣ በኪሳችን ጓንቶች፤
ከፊሉ ለፎቶ፣ ከፊሉ ለወረቀት፣
እኔ ደግሞ (ልዋሽ?) ለዐሥር ቀን ነፃነት።
ማስታወቂያው ይላል፦ «ሐዋሳ ዳር ድንኳን፣
ዱርን በእጅ መንካት፣ ዱርን በእጅ ማዳን።»

«ዱር» ሲሉኝ ያሰብኩት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣
ዱር ሆኖ የጠበቀኝ ገበያ ነው ለካ።
አሞራ ገደል ላይ፣ ከዓሣ ተራው ጥግ፣
ቆሞ አየሁት፣ አባ ኮዳን፣ በዳኛ ማዕረግ፤
ራሱ የተላጨ፣ ካባው የነተበ፣
የዓሣ አንጀት ሲጣል ችሎት የሰበሰበ።
ግራ እግሩን ያነክሳል። ጠጋ ብዬ ሳየው
የናይለን ክር ነው፣ ሥጋው ውስጥ የገባው።
ላንቃሞ ጀልባውን ከግንድ እያሰረ፣
«መረብ ነው» አለና አቀርቅሮ ቀረ።

«አንዱ በፎጣ ዐይኑን፣ አንዱ ምንቃሩን፣
አንዱ ክንፉን ሰብስቦ ይቀፈው መላውን፤
ሳቅ የለም፣ ፎቶ የለም፣ ጩኸት የለም» አለችን
መምህርት ዘቢደር። ክንፉ ለኔ ደረሰኝ።

ቁመቱ ደረቴን የሚያክል ፍጡር
ሳቅፈው ቀለለኝ፤ ጃንጥላና ክር።
ልቡ ደረቴን ደቅቶ ልቤን ቀሰቀሰ፣
ከዚያ የበላውን ሁሉ ላዬ ላይ መለሰ፦
የአምባዛ አንጀት፣ ቅርፊት፣ የለስላሳ ክዳን፣
ቁራጭ ፌስታል። «ይኸው» አልኩ፣ «ዱርን በእጅ ማዳን።»
ሳቅ የለም ያለችን ራሷ ቀድማ ሳቀች፤
ከዚያ በትንሽ መቀስ ክሩን ቆረጠች።

አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስተኛው ሲላላ
የክሩን ጫፍ ያየው ላንቃሞ ነው ኋላ፤
ቋጠሮውን ዳሰሰ። «እንዲህ የሚቋጥር
አባቴ ነው፣ እኔ ነኝ። የኔ ነው ይህ ክር።»

ማንም ምንም አላለ። ማን ምን ይለዋል?
መረቡ ባይጣል ልጁ ምን ይበላል?
እኛስ ትናንት ምሳ፣ ከሸራው ጥላ ሥር፣
ያንኑ ዓሣ በልተን ጣት ስንልስ ነበር።

ለቀቅነው።
እዚህ ላይ ሰማይ ይጠበቃል፤
በታቦር አናት ዞሮ፣ አመስግኖ ይርቃል።
እሱ ግን ላባውን አራግፎ እንደ አቧራ፣
እያነከሰ ሄደ፣ ወደ ዓሣ ተራ።

በማግሥቱ ንጋት፣ ጉማሬ ልንቆጥር፣
በላንቃሞ ጀልባ፣ ከቄጠማው ዳር።
ጆሮ ብቅ ይላል፣ ይተነፍሳል፣ ይጠልቃል፤
እኔ ሰባት ስል አብዱልመናን ዘጠኝ ብሎ ይምላል።
ላንቃሞ መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አኑሮ፣
«ስድስት ናቸው» አለ፣ ቀስ ብሎ ቆጥሮ፤
«አንዷ ተንኮለኛ ናት፣ ጠልቃ ትዞርና
እንደ አዲስ ትወጣለች፣ እንግዳ ሆና፤
አውቃታለሁ እኮ፣ ጆሮዋ የተቀደደ፣
መረቤን በጥሳ ስንቱ ዓሣ ሄደ።»
«ታዲያ ምን ልጻፈው?» «በእርሳስ ጻፊው» አለኝ፤
«ዐይን ያረጃል፣ የኔም አልፎ አልፎ ነው 'ሚዋሸኝ።»

ዐሥረኛው ቀን ማታ ምስክር ወረቀት፤
ጭብጨባ፣ ሰልፍ፣ ፎቶ፣ የአምፖል ድምቀት።
ወርቃማ ማኅተም፣ የማይለቅ ቀለም፦
«ዱርን ያዳነች» ይላል። እርሳስ እንኳ የለም።

ልንሰናበተው ጠዋት ዳር ስንወርድ
ጀልባው ጎን ላይ አየሁ፣ በሲባጎ ገመድ
የታሰረ ጣሳ፣ በብጥስጣሽ ክር ሙሉ፤
አልጠየቅሁም። እሱም፣ ስለ ዝናብ ነው ወሬው ሁሉ።

ድሬ ገብቼ ቤቴ ሸሚዜን ባጥበው፣
ሦስቴ ባጥበው፣ ዛሬም ዓሣ ዓሣ ነው።
እናቴ ወረቀቱን ሳሎን ሰቅላዋለች፤
ሸሚዙን ግን «ጣይው፣ ሸተተ» ትላለች።

አልጣልኩትም።
ኪሱ ውስጥ፣ በታጠፈች ገጽ፣
አባ ኮዳ፦ አንድ፤
ጉማሬ፦ ስድስት፣
ወይ ሰባት።